ዓይኗን ከመንገዱ ያልነቀለችው ልጄ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ እሁድ ጠዋት ነው። እስካሁን ያልነገርኩት ሰው የለም። ወሬውን ስጀምር ባለቤቴ ጃኬቱን አንስቶ ይወጣል፤ እህቴ ደግሞ ስልኩን ለልጆቿ ታቀብላለች። እነሱ ከሰለቻቸው አንባቢ ይስማኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። በልጄ መኩራት መብቴ ነው።

የምንኖረው በሰው አገር፣ አስፐን ሂል በሚባል ከተማ ነው። ልጄ ቤዛዊት አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የመንጃ መለማመጃ ፈቃድ፣ ፈረንጆቹ «ፐርሚት» የሚሉትን፣ አወጣች። ለፈተናው ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ሰሃን እያጠብኩ እጠይቃታለሁ፣ እሷ ሶፋው ላይ ተጋድማ ትመልሳለች። ግማሹን መልስ እኔም አላውቀውም ነበር፤ ግን አላስነቃሁም። ያለፈች ቀን ቢሮው ውስጥ እልልታዬን ላቀልጠው ምንም አልቀረኝም። «ማሚ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው» ብላ አፌን ያዘችኝ።

ዜናውን ከሁሉ ቀድመው የሰሙት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ቤዛን ክርስትና ያነሷትም እሳቸው ናቸው። መኪና ስለማይነዱ እሁድ እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ደብራችን የሚሄዱት ከእኛ ጋር ነው። ቤዛ ገና እግሯ ወለል ሳይነካ የኋላ መቀመጫው ላይ ከጎናቸው ተቀምጣ፣ «እማማ፣ ሳድግ ቤተ ክርስቲያን የማደርስዎት እኔ ነኝ» ትላቸው ነበር። ፐርሚቱ በወጣ ማግስት ጸበል ይዘው ወረዱና መኪናችንን ከፊት እስከ ኋላ ረጩት። ቤዛ እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠበቀችና መስታወቱን ወለወለች።

መንገዳችን ላይ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። የእኛ ደብር አይደለችም፤ ቢሆንም ሳንሳለማት አልፈን አናውቅም። ባለቤቴ ኮፍያውን ያነሳል፣ እኔ አማትባለሁ፣ እትዬ ጥሩወርቅ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ይላሉ። የአገራችን ሰው እንደዚሁ ነው፤ ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም።

ቤዛ እትዬን ይዛ በነዳችበት የመጀመሪያ እሁድ ማርያም ጋ ስንደርስ እኔና እሳቸው ተሳለምን። ቤዛ ግን ንቅንቅ ሳትል አለፈች።

«ልጄ፣ ማርያምን አላየሻትም?» አሉ እትዬ ከኋላ።

«አየኋት፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

«አይ አም ድራይቪንግ። እጄን ከመሪው ማንሳት አልችልም።»

«አንገትሽስ? አንገትሽም መሪ ይዟል?»

«ዓይኔ መንገዱ ላይ መሆን አለበት፣ እማማ። ሶሪ።»

ቤት ስንመለስ እትዬ ጥሩወርቅ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ፣ «ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ማርያምን ዘግታ ስታልፍ ከኋላ ተቀምጬ አላይም። እሷ የምትነዳ ከሆነ እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አሉኝ።

እኔም የእሳቸው ወገን ሆንኩ። «ትንሽ ጎንበስ ብትዪ ምን ይቀርብሻል?» አልኳት ቤዛን።

«ማሚ፣ ያስጠናሽኝ አንቺ ነሽ። መልሱን ረሳሽው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ስለዚህ ተቆጣኋት።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ካሉ የምነዳው እኔ ሆንኩ። ቤዛ ምንም ሳትል ቁልፉን ትሰጠኝና ከኋላ ትገባለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቃል የገባችላቸውን ነገር እኮ ነው የነፈጓት። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፍን፣ «እማማ ማርያምን የማልወድ መስሏቸዋል፣ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አንጀቴን በላችው።

ያቺ እሁድ ስትደርስ ቀኝ እጄ ወለም ብሎኝ በፋሻ ታስሯል። ባለቤቴ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ስለሚሠራ እሁድ አይገኝም። እትዬ ደግሞ የወንድማቸው ሙት ዓመት ጸሎት ስለነበር መቅረትም በአውቶቡስ ማርፈድም አልፈለጉም። እንዳኮረፉ ከኋላ ገቡ። ቤዛ ቀበቶዋን አሰረች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

ማርያም ጋ ስንቃረብ እኔ ሆን ብዬ ከወትሮው ይበልጥ ጎንበስ አልኩ፤ አይታ ትማር ብዬ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ግንባሬ ዳሽቦርዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እትዬም ከኋላዬ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እያሉ ሲያጎነብሱ ሰማኋቸው።

መኪናው ቀጥ አለ። ቀበቶው ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ከፊታችን አንዲት ገና በቅጡ መራመድ ያልጀመረች የምትመስል ሕፃን ቆማለች። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፤ በእጇ ቁራሽ ዳቦ ይዛለች። ጥግ ከቆሙት መኪናዎች መሃል ነው የወጣችው። እጇን ብትዘረጋ መኪናችንን ትነካው ነበር። እኛን አየችን፣ ዳቦዋን ገመጠች።

ቤዛ የኋላውን በመስታወት አየች፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራች። እናትየው እየጮኸች ደርሳ ልጇን አፈፍ አደረገቻት። ከዚያ በቤዛ በኩል ዞራ መጣች፤ ቤዛ መስኮቱን አወረደችላት።

«እንዴት አየሻት? እኔ እናቷ እንኳ እጄን ስታስለቅቀኝ አላየኋትም፤ እየተሳለምኩ ነበር!» አለች እንባዋ እየወረደ።

«መንገዱን እያየሁ ነበር» አለች ቤዛ።

«የማን ልጅ ነሽ? አንቺ የማን ነሽ?»

ቤዛ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። እንደዚያ አፍሬም አላውቅም፤ ኩራቱ ግን በለጠብኝ።

ሴትየዋ ልጇን ይዛ ስትሄድ ቤዛ መኪናውን ቀስ ብላ ጥግ አስያዘች። ሞተር አጠፋች፣ ቁልፉን ነቅላ ለእኔ ሰጠችኝና ወረደች። ወደ ማርያም ዞራ አማተበች፤ ጎንበስ ብላ መሬቱን ነክታ ጣቶቿን ሳመች። ሦስት ጊዜ።

እትዬ ጥሩወርቅ በመስኮቱ ያዩዋታል።

«እማማ፣ ስነዳም እሳለማታለሁ እኮ» አለቻቸው። «ደብራችን ደርሰን መኪናውን ካቆምኩ በኋላ ነው።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ቤዛ ነድታ ደብራችን ስንደርስ ተቻኩለን ወርደን ስንገባ እሷ ለምን ወደ ኋላ እንደምትቀር አንድም ቀን አልጠየቅኳትም።

እትዬ ወረዱ። ግንባሯን ሳሙ፣ ጉንጮቿን ሳሙ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም እጆቿን አገላብጠው ሳሟቸው። «ማሪኝ ልጄ» አሏት። ቤዛ ያኔ ነው ያለቀሰችው። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና፣ «በይ ነይ ንጂ፣ ወንድሜ ቀረችብኝ ይላል» አሏት።

ባለቤቴ ታሪኩ ሰልችቶኛል ይላል። በቀደም ሥራ ቦታው ምሳ ይዤለት ብሄድ ግን አንድ የማላውቀው ባልደረባው፣ «መኪናዋን ቀጥ ያደረገችው ልጅ እናት አንቺ ነሽ?» አለኝ። ለካ እሱም ሲያወራው ነው የሚውለው!

እኔ አሁን የምሳለመው ዓይኔን ገልጬ ነው። እትዬ ጥሩወርቅም ከዚያ ወዲህ በቤዛ መኪና ሳይሄዱ የቀሩበት እሁድ የለም። ማርያም ስትቃረብ ነጠላቸውን ያስተካክሉና ከኋላ ሆነው እንዲህ ይሏታል፦

«ቤዛዬ፣ ያንቺንም እኔ እሳለምልሻለሁ፤ አንቺ መንገድሽን እዪ።»