ሰርቦን በሬዲዮ ያነጋገርኩ ዕለት

በደርግ ጊዜ ጅማ ሙዚየም የሳይንስ ትርኢት ለሕዝብ የተከፈተ ዕለት፣ የሬዲዮ ክበብ ወጣቶች አንዱን መሣሪያ እዚያ፣ ሌላውን ሰርቦ አቁመው ሰው ያገናኙ ነበር። እኔ ትርኢቱ መች አሳሰበኝ! ሰርቦ ያለችው ልጄ ምጥ ይዟታል፣ መንገዱን ደግሞ ጭቃ ዘግቶታል። አጠገቧ የነበረችውን ታላቅ እህቴን አስጠሩልኝ።

“እማማ፣ ሲናገሩ ቁልፉን ይጫኑ፣ ሲሰሙ ይልቀቁት። ሁለታችሁም እኩል ከተናገራችሁ ምንም አይሰማም” አለኝ አንዱ።

እሺ አልኩ። ግን እኛ አገር ሰላምታ ላይ አፉን ዘግቶ የሚያዳምጥ ማን አለ? ነውር ነው! “አካም ጅርቱ?” ብዬ ከጎረቤት እስከ ከብቱ ጠየቅኩ፤ ለካ እሷም እዚያ ቁልፉን ተጭና እኔን ትጠይቃለች። ሬዲዮው እሽሽ ይላል።

ወጣቱ ቢጨንቀው “ይቅርታ እማማ” ብሎ እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳው። ወዲያው የእህቴ ድምፅ መጣ፦ “ሴት ልጅ ናት እኮ! ሁለቱም ደህና ናቸው! ምነው አትመልሺም፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?”

አልሐምዱሊላህ! ቁልፉን ይዤ እልልታውን ሳቀልጠው፣ አዳራሹም ሲቀበለኝ፣ ባትሪው አለቀ።

ለካ አንድ ካድሬ ለሰርቦ ሕዝብ አብዮታዊ ሰላምታ ሊያነብ ወረቀቱን ይዞ ተራ ይጠብቅ ኖሯል። ወጣቶቹ ደነገጡ። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ፣ “እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እናቴ!” አለኝ። በዚያ ዘመን ካድሬ ማርያምን ይጠራል? ያለው ነገር ሲገባው ዙሪያውን ቃኘ። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

“አሚን፣ ልጄ” አልኩት እኔ ሙስሊሟ።