በጆሮዋ የምታነበው እህቴ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፊደሎቹን በቀጭን ስንደዶ እየነካች ስታነብ አየኋት። አፏ መስመሩን ጨርሷል፤ ስንደዶው ግን ገና መሀል ላይ ነበር።

ታናሽ እህቴ ዘሀራም እንዲሁ ነበረች። እሷን ማስነበብ የእኔ ሥራ ነበር። ጓደኞቼ ከቤታችን በታች ባለው ሐይቅ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እየሰማሁ እቸኩላለሁ። አንዴ ያነበብኩላትን በቃሏ ትወጣዋለች፤ እኔም "ጎበዝ" ብዬ መጽሐፉን እዘጋለሁ።

አንድ ቀን አያታችን መደቡ ላይ ሆነው ሰሙን።

"ይቺ ልጅ በጆሮዋ ነው የምታነበው" አሉኝ። "ገጹን ከታች ወደ ላይ አስነብቢያት፤ ያኔ ፊደሉን ታየዋለች።"

"እሺ አባባ" ብዬ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። አንድም ቀን ከታች ጀምሬ አላስነበብኳትም። እስከ አራተኛ ክፍል በጆሮዋ ዘለቀች፤ ከዚያ ትምህርቱን ተወችው።

አሁን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ዛሬ ይህን ሁሉ በስልኬ ጽፌ፣ መጨረሻው ላይ "አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" ብዬ ላክሁላት። ወዲያው በድምፅ መለሰችልኝ፤ እየሳቀች ነበር።

"እታለም፣ ይሄን ሁሉ ምን ብለሽ ነው? በድምፅ ላኪልኝ እንጂ።"

መቅጃውን ተጭኜ ያዝኩት። የተቀዳው ትንፋሼና ከደጃፉ የሚመጣው የልጅቷ ንባብ ብቻ ነበር።