የጥብጣቡ ጫፍ

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ከተማ የሚለጠፍ ጥብጣብ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የጥቅሉን ጫፍ በጥፍሩ እየቧጠጠ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። «ይቆዩ አባባ፣ የት ይሄዳል!» ብሎ ሳቀ። ድንገት የተቃጠለ ሳር ሸተተኝ። ሳልገዛ ወጣሁ።

ጣሊያን ከመተማ ሲሸሽ መንገዱ ላይ ፈንጂ ቀብሮ ነበር። ከሱዳን የገባው የእንግሊዝ ጦር ፈንጂውን እየፈለገ ያወጣል፤ በጸዳው መሬት ላይ ነጭ ጥብጣብ ይዘረጋል፤ የጸዳው መሬት የሚያልቅበት ላይ የጥብጣቡን ጫፍ በካስማ ያስራል። ከካስማው ያለፈ ወዮለት። እኔ ሱዳን ገዳሪፍ በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ አጎቴ ደግሞ በቅሎ ጫኝ።

የፈንጂ አውጪዎቹን አለቃ፣ እንግሊዛዊውን ሳጅን፣ እጠላው ነበር። ዛሬም አልሸሽግም። በቅሎ ወደቀች ብሎ አጎቴን በአለንጋ ገርፏቸዋል። እኔንም ቃል በተሳሳትኩ ቁጥር ወታደሮቹ ፊት እያቆመ ያስደግመኛል።

አንድ ጠዋት አጎቴ ወደ ጎን ሳቡኝ። የበቅሎዋ መጫኛ ተበጥሶባቸው፣ ካስማውን ነቅለው ከጥብጣቡ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው ኖሯል። ሊመልሱት ሲሉ ካስማው የነበረበት ቦታ ጠፋባቸው።

«የላላውን ጥብጣብ ስቤ ካስማውን በግምት ተከልኩት፤ ወደ ፈንጂው ሳላስጠጋው አልቀረሁም። ንገረው ልጄ። እኔ መሆኔን ግን እንዳታወጣብኝ፤ ይህ ጀርባ ሌላ አለንጋ አይችልም።»

እስከ ሳጅኑ ድረስ ቃል ስመርጥ ሄድኩ። ተቆረጠ ብለው ማን ቆረጠው ይለኛል። ተነቀለ ብለውም ማን ነቀለው ይለኛል። ማንንም የማያስጠይቅ ቃል ፈለግኩ።

«ኤንድ ኖት ጉድ» አልኩት። ጫፉ ደህና አይደለም ማለቴ ነበር።

ሳጅኑ ሳቀ። «ድገመው!» ደገምኩት። «ጮክ በል!» ወታደሮቹም ሳቁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ጥርሴን ነከስኩ። ሂድና ርገጠው፣ አልኩ በሆዴ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዛሬም እጣላለሁ።

ሳጅኑ ጥብጣቡን በእጁ እየዳበሰ ወደ ካስማው ሄደ። አጎቴ በቅሎዋን እንደያዙ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። የነገርኩት መስሏቸዋል። ወደ ካስማው ተጠግቶ አልቆም ሲል ግን ልጓሙን ለቀው ሮጡ።

«ቁም! ቁም አንተ ሰውዬ!»

ሳጅኑ አማርኛ አያውቅም። ደርሰው ከኋላው ኮሌታውን ጨምድደው ወደ ኋላ ወረወሩት፤ እሳቸው ግን በሩጫቸው አለፉ። ፈንጂው ፈነዳ፤ ጥቁሩ አፈር የተቃጠለ ሳር እየሸተተ ሁላችንም ላይ ዘነበ።

አጎቴን በጋቢያቸው ጠቅልለን እዚያው ግራር ስር ቀበርናቸው። ሳጅኑ ፊቱ ላይ ያለውን አፈር እንኳ ሳይጠርግ ክንዴን ያዘኝ።

«ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?»

«ስቶፕ» አልኩት። ገዳሪፍ በመጀመሪያው ቀን የተማርኳት ቃል ናት።