የአደራ ዕቃ ተሸክሞ ወደ ግንቡ

የምኖርባት ከተማ ኮሎምበስ የመንገደኛ ባቡር የላትም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ባቡር የሌለበት ከተማ ሰው ቢያንስ ስለ ባቡር አይቀኝም ባይ ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አልችልም። ዋይትሆል ሰፈር ካለው አፓርትመንታችን ወጥቼ፣ መድረሻ ሳይኖረኝ፣ ከተማዋን በሚከበው ሀይዌይ አንድ ዙር ነድቼ እመለሳለሁ። እንዲህም ሆኜ ጉዞ የሚሉትን ነገር ስነቅፍ ኖሬአለሁ። ቦርሳ አዝሎ አውሮፓን በባቡር መዞር የጠገበ ቤት ልጅ ለአንድ ክረምት ድሃ ድሃ የሚጫወትበት ጨዋታ ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ ለልጄም ነግሬአታለሁ።

እሷ ኢስተን ገበያ ማዕከል ያለ ጫማ ቤት ቆማ እየሸጠች ለዚሁ ጉዞ ስታጠራቅም ነበር። «ዳድ፣ ፈርስት መጥተህ እየው፤ ከዛ ስደበው» አለችኝ። ከክረምቱ በኋላ ለሥራ ከእኛ ርቃ ሲያትል ልትገባ ነው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ራይን ወንዝ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ፣ ሆስቴል፣ ማለት የመንገደኞች የጋራ ማደሪያ፣ የሆነ አሮጌ ግንብ አለ፤ የጉዞውን የመጨረሻ ምሽት እዚያ እኔና እሷ ብቻችንን እንድናሳልፍ። ብቻችንን ስትል የማናውቃቸው ሰዎች የሞሉት ክፍል ውስጥ ማለቷ ነው። እሺ አልኳት።

ስህተቴ መሄዴን ማውራቴ ነው። የነገርኩት ለአንድ ወዳጄ ብቻ ቢሆንም፣ ሐበሻ አውሮፓ ሊሄድ ነው ከተባለ ሻንጣው የሕዝብ ነው። የሕፃን ካፖርት መጣ፤ የደም ግፊት መለኪያ መጣ፤ ቫይታሚንና የስፖርት ጫማ መጣ። ኢስትሙር የሚኖሩ አንዲት እትዬ ደግሞ ፍራንክፈርት ላለች ታናሽ እህታቸው ለልጇ ክርስትና የምትለብሰውን ቀሚስ አመጡ። ቀሚሱ ከአዲስ አበባ ኮሎምበስ የደረሰው በሌላ ምስኪን መንገደኛ ነው፤ አሁን ደግሞ በእኔ ጀርባ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሊመለስ። «ምኑ ይከብዳል ወንድሜ፣ ላባ እኮ ነው» አሉኝ። ሁሉም ያለው ላባ ነው። ላባ ሲደማመር ዶሮ እንደሚሆን ያሰበ የለም። ልጄ ቦርሳዬን ብድግ አድርጋ መዘነችና መልሳ አስቀመጠችው።

አውሮፓ ደረስን። ባቡር ውስጥ እሷ መስኮት ይዛ ትቀመጣለች፤ እኔ ከፉርጎ ፉርጎ እመላለሳለሁ። አደራ ተቀባይ ደግሞ ዕቃውን ጣቢያ ላይ ተቀብሎ አያሰናብትም። ቤቱ ይወስዳል፣ ያበላል፣ የሰርግ ቪዲዮ ይከፍታል። አምስተርዳም ምሳ ብለን ገብተን ምሳው እራት ሆነ። ብራሰልስም እንዲሁ፤ ኮሎኝም እንዲሁ።

«ዳድ፣ ሶ ፋር ያየሁት ሦስት ሳሎን ነው» አለች ልጄ። «ሶፋው ራሱ ሴም ነው።»

ልከራከራት አሰብኩ። ሶፋው እውነትም አንድ ዓይነት ነበር።

በመጨረሻው ቀን የእትዬ እህት ቀሚሱን ልትወስድ ከፍራንክፈርት በመኪና መጥታ የግንቡ በር ላይ አገኘችን። ቀሚሱን ተቀብላ ከመረቀችን በኋላ ቀና ብላ ግንቡን አየችው፤ ከዚያ እኔን። እዚህ እንደምናድር ስነግራት እስር ቤት የገባን ያህል ደነገጠች። ከማን ጋር ነው የምታድሩት አለች። ከማናውቃቸው ስላት፣ ሴት ልጅ ይዘህ ብላ ወደ ልጄ ዞረች። ቤቷ አልጋ ተነጥፏል፤ ዶሮው ተሠርቷል፤ ባሏ እኛን ብሎ ከሥራ ቀርቷል። ይህን እያለች ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውልቃ የመኪናዋ ኋላ ከተተችው። ቀጥላም ኮሎምበስ ደውላ ስልኩን በስፒከር ዘረጋችልኝ።

«እህቴ ደጅ ድረስ ሄደህ ሆቴል ልታድር?» አሉ እትዬ። «ሰው ምን ይላል?»

በጽሑፍ ያልተጣላሁት ሰው የለም። ቦርሳዬን ለያዘች ሴት ግን እንቢ ማለት አልተማርኩም። ዶሮውም፣ አልዋሽም፣ ዓይኔ ላይ ዞረ።

ልጄ ወደ ወንዙ ዞራ ቆማ ነበር። ሳትዞር፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል፣ «ሂድ አባዬ» አለች። «እኔ እዚህ አድራለሁ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር፤ ቁጣ መልስ አለው።

«እህቴ» አልኳት የፍራንክፈርቷን፣ «ዛሬ እንኳ የልጄ እንግዳ ነኝ።» እንግዳ የሆነን ሰው ሌላ ቤት አይወስዱትም፤ ያገኘሁት ሕግ ይሄው ነበር። ቦርሳዬንም ከመኪናው አወጣሁ።

እትዬ ስልኩን ዘጉት። እህታቸው «ይሁን ጋሼ» ብላ መኪናዋን አስነሳች። «ይሁን» የምትለው ቃል የምትይዘውን ቂም አውቃለሁ። እትዬ ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም የሚሉት ባለቤቴን ብቻ ነው።

ግንቡ? ክፍሉ ካልሲ ካልሲ ይሸታል፤ አልጋው ተደራራቢ ብረት ነው፤ ባላባቶች ይበሉበት በነበረው አዳራሽ የለስላሳ መሸጫ ማሽን ቆሟል። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዳቦና አይብ ይዘን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የግንቡ አጥር ላይ ወጣን። ታች በወንዙ ግራና ቀኝ ባቡሮች ይተላለፋሉ። እኔ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ስልኬን አያለሁ፣ እነሳለሁ።

«ሴትዮዋ አሁን ምን እያደረገች ነው?» አለች ልጄ።

«ለኮሎምበስ እየደወለች።»

«ኮሎምበስስ?»

«ወደ እኔ ይደውላል።»

እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋት። ተቀብላ ድንጋዩ ላይ አደረገችና ተቀመጠችበት። ብዙም ሳይቆይ ከሥሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። ጉልበቴ ተነስ ተነስ ይለኛል፤ ስልኩ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። እሷ አልተነሳችም። እኔም አልተነሳሁም።