አረንጓዴው ጠርዝ

የያዙኝ መቱ ካለው ሱቄ፣ መስታወት እየቆረጥኩ ሳለ ነው። ሱቅሽ ውስጥ ስብሰባ ይደረጋል ተባልኩ። መስታወት መቁረጫ አልማዜን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ያስገቡኝ ክፍል የድሮ እህል መጋዘን ነበር። ወለሉ አፈር ነው። ከፍ ብላ ካለችው መስኮት አንዱ መስታወት የጥንቱ ነው፤ ሌላው ተሰብሮ በአዲስ ተተክቷል። ሥራዬ ነውና ቀድሜ ያየሁት እሱን ነው።

አብራኝ የነበረችው ከኡካ የመጣች፣ ሕፃን የምታጠባ ወጣት ናት። ባሏን ሲያጡት እሷን ያዙ። እናቷ እኩለ ቀን ላይ ሕፃኑን እያመጡላት ታጠባዋለች።

አንድ ጠዋት ስንጠርግ ከመስኮቱ ሥር የመስታወት ስባሪ ከአፈሩ ወጣ። የእስር ቤቱ ኃላፊ አየው። በሕፃኑ መታቀፊያ ተጠቅልሎ የገባ ነው፤ ከእንግዲህ ሕፃን አይገባም ብሎ ስባሪውን ይዞ ሄደ።

ረፋዱ ላይ የልጅቷ ቀሚስ ደረቱ በጡቷ ወተት ረጠበ።

«የኔ ነው ብዬ ልገላገል?» አለችኝ።

«እንዲያ ካልሽ ጭራሽ አያስገቡትም» አልኳት።

ጠባቂውን ለምኜ ኃላፊውን አስጠራሁ። ስባሪውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ።

«እዚህም ሱቅ ከፈቱ?» አለ። ግን ሰጠኝ።

ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞርኩት። እንደ ጌሾ ቅጠል አረንጓዴ ነው። መስታወት ከአሸዋ እንደሚቀልጥ፣ ድሮ አሸዋው ውስጥ ያለው ብረት በደንብ ስለማይጣራ ጠርዙ እንዲህ እንደሚሆን፣ የዛሬው ግን እየነጣ እንደመጣ ነገርኩት። እንዲህ ያለው ከገበያ ሲጠፋ ሕፃኑ ቀርቶ እናቱም አልተወለደች ይሆናል አልኩ። ስባሪው ከዚሁ መስኮት የወደቀ ነው አልኩ፤ የቀረውን አሮጌ መስታወት የሚይዘው ስቱኮ ረግፎ ጠርዙ ስለሚታይ እንዲያስተያዩት ለመንኩ።

ጠባቂው ባልዲ ገልብጦ ወጣ። ስባሪውን ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር አስጠጋው።

«ያው ነው» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «ዱጋ ኬሰን፣ እትዬ» አለኝ፤ እውነትዎን ነው ማለቱ ነው።

ኃላፊው ስባሪውን ኪሱ ከተተ። እኩለ ቀን ላይ ሕፃኑ ገባ።

ወደ ማታ ኃላፊው ተመለሰ። የቢሮው መስኮት ተሰብሯል፤ አልማዜን ከሱቄ አስመጥቼ እንድቆርጥለት ፈለገ።

«ስፈታ ሱቄ ይምጡ። ለሰው ሁሉ እንደምቆርጠው እቆርጥልዎታለሁ» አልኩት።

ፊቱን አዙሮ ሄደ። ከተፈታሁም በኋላ አልመጣም።

ልጅቷ ግን ከዓመታት በኋላ ቤት ሠርታ መስታወት ልትገዛ ከኡካ መጣች። የቆረጥኩትን አንስታ ጠርዙን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው።

«ነጣ ብሏል» አለች።

«አዎ፣ የዛሬው እንዲህ ነው» አልኳት።

 እንዳይሰበርባት በጋዜጣ ደራርቤ ጠቀለልኩላት።