«አሸነፍከኝ» ያለኝ ሰው

የያዙኝ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከገርጂ ወደ ቦሌ ስወርድ፣ ዛሬ ኢምፔሪያል ከሚባለው ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ። ያን ጊዜ ቀለበት መንገድ የለም፤ ሜዳና ጭቃ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የምነዳው ውይይት ነበር፤ ከኋላ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ታክሲ። ሁለት ሰዎች «ወራጅ» አሉ፤ ቆምኩ። ወርደው ወደ እኔ በር መጡ። አንደኛው እጁን በመስኮት አስገብቶ ከጎኔ ያለውን ፌስታል አነሳ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ካሴት ነው» አልኩ።

«የማን?»

የዘፋኟን ስም ነገርኩት። እንዲያውም «ሰው እንደገና እየፈለጋት ነው» ብዬ ጨመርኩ። ኩራት ነበረብኝ፤ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ሁለቱ ተያዩና አንዱ ሳቀ። ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ ተቀበለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያስገቡኝ ክፍል በሩ ቆርቆሮ ነው። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ የትናንት ወጥ፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። መስኮቷ ከፍ ያለች ጠባብ ናት፤ አውሮፕላን ቦሌ ሊያርፍ ሲወርድ የቆርቆሮው በር ይንቀጠቀጣል። ማንም ቀና አይልም።

እንግዲህ ስለ ወዳጄ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

ወዳጄ ገርጂ ካሴት ቤት ነበረው። ተራዬን ስጠብቅ እሱ ጋ ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ፤ እንከራከራለን። ክርክራችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የእሱዋና የእኔዋ። የእሱዋ በየበዓሉ ካሴት የምታወጣ ዘፋኝ ናት። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ካሴት ቤቱ ሁሉ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ እሷን ነው የሚለቅ። ፎቶዋ በየግድግዳው ነው። የእኔዋ ከዚያ ቀደም የነበረች ናት፤ አንድ ሁለት ካሴት አውጥታ ድምፅዋ የጠፋ።

«ገበያ አይዋሽም» ይለኛል ወዳጄ። «ዘፋኝ ማለት የምትሸጥ ናት። ያንተዋ እኮ መደርደሪያው ላይ አቧራ ለብሳለች፤ በጣቴ ስሜን ብጽፍባት ይነበባል።»

«በዓሉ ይለፍና እንተያይ» እለዋለሁ እኔ። «ሴትዮዋ ልብስ ስታጥብ፣ ሹፌሩ ብቻውን ሲነዳ የማንን ነው የሚያንጎራጉር? እሱን ንገረኝ።»

«ማንጎራጎር ካሴት አይገዛም!»

«ካሴት የገዛስ ሁሉ ያንጎራጉራል?»

እንዲህ እየተባባልን ዓመታት ሄዱ። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በፖለቲካ አልከራከርም፣ በሃይማኖት አልከራከርም። በሕይወቴ የተከራከርኩት በዚህች ነገር ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር ብቻ።

ታዲያ አንድ ቀን ገና ስገባ ወዳጄ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«አሸነፍከኝ» አለኝ።

«በምን?»

«ያንተዋ ነቃች። አትላስ ሰፈር ያሉ ሰዎች አምጣ አምጣ እያሉ ፋታ ነሱኝ። በል፣ በመንገድህ አድርስልኝ።»

አዲስ ካሴት ነው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተፈታም። ሽፋኑ ላይ እሷ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። አትላስ አንድ መጠጥ ቤት ለሚሠራ ሰው አደረስኩ። በሌላ ቀን ደግሞ አለ፤ ደግሞ አደረስኩ። የማደርስበት ሒሳብ አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼ ባለቤቴን «አላልኩሽም?» አልኳት።

«ምን አስፈነደቀህ? የሥጋ ዘመድህ አይደለች» አለችኝ።

አልገባትም። ሰው አንድ ነገር ለብቻው ሲወድ ቆይቶ አገር አብሮት ሲወድለት ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገራት?

በተያዝኩ ማግስት ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ቴፕ አለ። ከካሴቶቹ አንዱን ከፈተና አስገባ። እሷን ጠበቅኩ። የመጣው የወንድ ድምፅ ነው። ንግግር ነው፤ በጊዜው የሚታደን የአንድ ፖለቲከኛ ንግግር፣ «ተነሱ» የሚል። እኔ አሁንም መጨረሻ ላይ ትመጣለች ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሞኝነቴን አያችሁ? ሰውየው ጨረሰ። ካሴቱ ሽሽ እያለ ቆየ። ከዚያ ከዘፈኑ መሃል ድምፅዋ ወጣ፤ ንግግሩ በላይዋ ሲቀዳ አጥሮ ሳይጠፋ የቀረ ጫፍ ነው። መርማሪው ሊያጠፋ እጁን ዘረጋና ትንሽ ቆየ። ከዚያ አጠፋው።

«እዚህ ውስጥ ማን ቀዳው?»

ቴፑን ቴፑን አየሁ።

«አባቴ፣ እርስዎ የዚህ ነገር ሰው እንዳልሆኑ ፊትዎ ይናገራል። የሰጠዎትን ሰው ስም ይንገሩኝና ዛሬ እራትዎን ቤትዎ ይብሉ።»

«ላስብበት» አልኩት።

«እስከ ነገ ያስቡ» አለኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ማንም አይገዛትም፤ ስለዚህ ማንም ፖሊስ አይከፍታትም። የእሱዋን ቢያደርግ ኖሮ መንገድ ላይ ሁሉ ሰው «ስጠኝ» ይለዋል። አቧራ የለበሰችውን መረጠ፤ ቀድቶባት ላስቲኩን መልሶ አሸገ። እኔን ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ጣል ቢያደርግልኝ እየዘለልኩ እንደማደርስለት ያውቃል።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንላቸው፣ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ። በሩ እንደተዘጋ «ወንድሜ፣ ትናንት ደክሞሃል ብለን ተውንህ። የሻማ አለብህ» አሉኝ። አዲስ እስረኛ ለክፍሉ የሚከፍለው ነው። ኪሴን በር ላይ አራግፈውታል።

«የሌለው ይዘፍናል» አለ ከወዲያ አንድ ወጣት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት የሚሠራ፣ ነገረኛ። «ፋዘር፣ ሕጉ ነው!»

እንድስቅ ነው የፈለገው። እኔ ግን ሆዴ ሞልቶ ነበርና ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። የወዳጄን ስም ብቻ አላወጣሁም።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?» አለ ወጣቱ። «ይናገሩና ይውጡ! ደግሞ ሰውየው ልክ ነበር። በዚህ በዓል እኮ የእሱዋ ያልተሰማችበት ቤት የለም።»

«እስቲ በላት» አሉት ካቦው።

ጀመረ። ሁለት መስመር ጥሩ አድርጎ አለና ከዚያ «ናናና» ገባበት። ሌላውም ሊያግዘው ሞከረና እሱም «ናናና» ላይ ወደቀ። ክፍሉ ሳቀ።

«በል አንተ ያንተዋን» አሉኝ ካቦው።

ተቀምጬ ጀመርኩ። ድምፅ የለኝም፤ ግን ለራሴ እንደምለው አልኩት። ሦስተኛው ግጥም ላይ ስደርስ ያ ከቴፑ የወጣው ጫፍ ትዝ አለኝና ድምፄ ተቆረጠ። ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ ቀጠለው፦

«ወንዙም ጎደለልህ፣ ድልድዩም ቆመልህ፣
ደግሞ ለዛሬ ቀን ምን ሰበብ ላምጣልህ።»

ሁሉም ዞረ። ጴንጤ የምንላቸው ሰውዬ ናቸው፤ ከወለጋ የመጡ፣ ቢሮ የሚሠሩ፣ ክፍሉ ዘፈን ሲጀምር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የሚጸልዩ። አሁንም ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው።

«እንዴ!» አለ ወጣቱ። «ዘፈን ኃጢአት ነው አላሉም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔማ ከተውኳት ቆየሁ» አሉ ሳይዞሩ። «እሷ ናት ያልተወችኝ።»

ወላሂ ብለው ካቦው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከተያዝኩ የመጀመሪያዬ ነው። የሻማዬ ተከፈለ ተባለ፤ ከበሩ ራቅ ያለ መኝታ ሰጡኝ።

በማግስቱ መርማሪው ጋ ስቀርብ የወዳጄን ስም አልተናገርኩም። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ከራሱ አፍ ልስማው የሚል ነገር ነው የያዘኝ። «እንግዲያው ይቆዩ» አለኝ መርማሪው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ወዳጄን አስገቡት። ያ አትላስ ካሴቱን የሚቀበለኝ ሰው ተይዞ ኖሮ እሱ ነው ስሙን ያወጣው፤ ይህን በኋላ ነው የሰማነው። ወዳጄ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ጫማው ማሰሪያ የለውም። ስንት ነገር ይለኛል ብዬ ሳስብ፣

«ሰጠኸኝ?» አለኝ።

ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

«አልሰጠሁህም» አልኩት።

አላመነኝም፤ ዓይኑን አየሁት። አጠገቤ ተቀመጠ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለአገር ብዬ ነው። አንተን ልጎዳህ አይደለም። ካላወቅክ አትጠየቅም ብዬ ነው» አለኝ።

«ብትነግረኝ እኮ እወስድልህ ነበር።»

«አንተ? ፖለቲካ?»

«ለፖለቲካው አይደለም። አንተ ስላልከኝ።»

ማሰሪያ የሌለውን ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀመጠ።

«ውሸት ሞልቶ የለም እንዴ?» አልኩት። «የአክስቴ ዕቃ ነው ብትለኝ አደርስልህ ነበር። ለምን አሸነፍከኝ አልከኝ?»

መሬት መሬቱን አየ። «ደስ አለህ» አለኝ። «አንዴ ደስ ሲልህ ካየሁ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ወጣቱ እየሰማ ነበር። «ይሄ ነው እንዴ ሰውየው?» ብሎ ተነሳ። «ካቦ! የሻማ አለበት!»

ካቦው ወዳጄን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ዝፈን» አሉት። «ጀምረህ ካልጨረስክ መኝታህ ከባልዲው አጠገብ ነው።»

«የካሴት ቤት ሰው እኮ ነው፣ መቶ ዘፈን ያውቃል» አለ ወጣቱ።

ወዳጄ የእሱዋን ጀመረ። መጀመሪያውን አሳምሮ አለና ቆመ። ሌላ ጀመረ፤ ቆመ። ሌላ። ሰዎቹ የሚቀልድ መሰላቸው። እኔ ግን ገባኝ። ካሴት ሻጭ ለገዢው ከየዘፈኑ መግቢያውን አሰምቶ፣ አጥፍቶ፣ ወደሚቀጥለው ነው የሚያልፈው። ዕድሜውን በሙሉ መግቢያ ነው የሰማው። አንድም ዘፈን እስከ መጨረሻው አያውቅም። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። በመጨረሻ የእኔዋን ጀመረ። ለማስደሰት ይሁን ለሌላ አላውቅም። ሁለተኛው ግጥም ላይ ጠፋበት።

«ሂድ ወደ ባልዲው!» አለ ወጣቱ።

ተነሳሁ። ዘፈን ሲባል ቆሜ አላውቅም፤ ያን ቀን ቆምኩ። ወዳጄ ካቆመበት ተቀብዬ እስከ መጨረሻው አልኩት። ሦስተኛው ግጥም ላይ ድምፄ አልተቆረጠም። ከግድግዳው በኩል የሚያጉመተምት ሰው ነበር።

«የእሱ የሻማ ተከፍሏል» አልኩ ለካቦው።

«ይህን ለሠራህ ሰው?» አሉኝ።

«ባልዲ አጠገብ የተኛ ሰው መልሶ ሰው ፊት መቀመጥ ይከብደዋል» አልኩ።

ካቦው አንገታቸውን ነቀነቁና ወዳጄን መሃል ላይ አስተኙት። እኔ ከቤት የመጣልኝን ጋቢዬን አንስቼ ወደ ጴንጤው ሰውዬ በኩል ዞርኩ። ወዳጄ በስሜ ጠራኝ። ሰምቻለሁ። አልመለስኩለትም።

እኔን ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ሂድ» አሉኝ። እሱን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ ቆይቶ እሱም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ ሰርግ ላይ እንገናኛለን፣ ሰላም እንባባላለን። ቂም የለኝም። ስለ ዘፋኝ ግን አንስተን አናውቅም። ክርክራችንን ነው የወሰደብኝ፤ ከእሱ በኋላ የሚከራከረኝ ሰው አላገኘሁም።

ካሴት ቤቱ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። እሱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሥራውን አንዲት ወጣት ልጅ ትሠራለች። ባለፈው ክረምት እንደወጣ ከዘራዬን ይዤ በዚያ ሳልፍ ልጅቱ ሽፋኖቹን እየሰቀለች ታንጎራጉራለች። ድልድዩም ቆመልህ። ቆምኩ።

«ልጄ፣ የማን ዘፈን ነው?»

«እኔ እንጃ አባባ» አለችኝ ሳትዞር። «እናቴ ስትለው ነው የማውቀው።»

የእሱዋን ጠይቄያት ቢሆን ታውቃት እንደሆነ እንጃ፤ አልጠየቅኳትም። የእኔዋም ብትሆን ስሟ ጠፍቷል። ዘፈኑ ብቻ ነው የቀረው።

ወዳጄ ከወንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። ሰምቷል። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ምን ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓመታት ሙሉ ከእሱ አፍ ልሰማው የፈለግኩት ቃል ነው። ግን ያን ቃል አንድ ጊዜ፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ፣ ብሎኛል።

«ደህና ዋል» አልኩት፤ ከመናገሩ በፊት አለፍኩ።