ሁሪያ የምታውቀው ቃል

ሁሪያን ያወቅኋት በጠብ ነው። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት በሬን ከፍቼ ስወጣ፣ ራሷን በሻሽ የጠመጠመች፣ ተረከዟ የተሰነጣጠቀ ሴት ቋጠሮዋን ታቅፋ ደጃፌ ላይ ተቀምጣለች። ያን ቀን ደግሞ ከባለቤቴ ከወልደጊዮርጊስ ጋር ተኳርፈን አድረን ብሽቅ ብያለሁ።

"አንቺ! የደከመው ሁሉ እዚህ ነው እንዴ የሚዘረገፈው? ተነሽ!" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ። "አልሐምዱሊላህ! አማርኛ!" ብላ ጉልበቴን ልትስም ተነሣች። ከወሎ፣ ከወረባቦ፣ ነጋዴዎችን ተከትላ በእግሯ ነው የመጣችው። አላማጣን ካለፈች ወዲህ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር የገባት ነገር የለም። ሲሰድቡት ደስ ከሚለው ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? አስገባኋትና ቁርስ አበላኋት።

የመጣችው ባሏን ፍለጋ ነው። ኢስሃቅ ይባላል። በጣሊያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ብሎ ወደ ትግራይ እንደወጣ ቀረ። ሞቷል ተብሎ ሰደቃ አውጥታለታለች። ኋላ አንድ ያገሯ ነጋዴ፣ "ኧረ ባልሽ መቀሌ አለ፤ ድንጋይ የጫነ ካሚዮን ተገልብጦበት እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል" ቢላት፣ ቤቷን ለእህቷ አደራ ብላ ወጣች።

የተኛበትን ቤት አውቀዋለሁ። ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ያለ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ጣሊያኖቹ መንገድ ሥራ ላይ የተሰበሩትን እስኪድኑና መራመድ እስኪለምዱ ያስተኙበት ነበር። እነሱ ሲሄዱ አልጋዎቹ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረው የመራመጃ ገመድና ከፋለ ቀሩ። ከፋለ ለሐኪሞቹ ውሃ የሚያቀርብ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ሐኪሙም ዘበኛውም እሱ ሆነ። ቤተሰብ ያለው ከቤት በሚመጣለት ያድራል። የሌለው ከሌላው የተረፈውን ይቀምሳል። ኢስሃቅ ባገሩ ሰው አለው፤ እዚህ ግን ማን አለው?

ይዣት ሄድኩ። ሽታው ከበር ይመልሳል። ኢስሃቅ ጥግ ላይ ተኝቷል፤ ጀርባው ከመኝታ ብዛት ቆስሏል። ድምጿን ሲሰማ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ።

"ኢስሃቅ፣ እኔ ነኝ። ሁሪያ ነኝ።"

"አይደለሽም" አለ ከውስጥ። "ሂጂ።"

"ሰደቃህን እንደሁ በልተን ጨርሰናል። አሁን ብትሞት ሁለተኛ የሚያወጣልህ የለም" አለችው።

ብርድ ልብሱ ሥር ሲስቅ ሰማሁት። ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። እኔም ውጪ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

ከጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠኋት። በማግሥቱ ጀምራ ውሃ ተሸክማ ትሄዳለች፣ ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ቁስሉን ታጸዳለች፣ እግሩን በቅቤ ታሸዋለች። ወጌሻ ሲያሽ አገሯ ሳለች አይታለች። አጠገቡ የተኙትንም አብራ ታጥባለች። "ምን ቆርጦሽ ነው የሰው ባል የምታጥቢው?" ብላት፣ "ሲሸቱበት ይከፋዋላ" ትለኛለች። ኢስሃቅ ከእኔ ቤት ሥጋ የነካው ነገር አይበላም፤ የክርስቲያን ዕርድ ነዋ። ምስሩን ግን ጥርግ አድርጎ ይበላል፤ "የእትዬ ሸዋወርቅ ምስር" ይለኛል እያለች ታሞጋግሰኛለች። ውሸቷን ይሁን እውነቷን አላውቅም፤ ደስ ግን ይለኛል።

እሱ ገመዱን አንዴ ሞክሮ ከወደቀ ወዲህ ማየት አይፈልግም ነበር። እሷ ናት ለምና፣ ተቆጥታ፣ ከብብቱ ገብታ ያስያዘችው። አንድ ከሰዓት ከውጪ እየጮኸች ገባች።

"እትዬ ሸዋወርቅ! ቆመ! ወላሂ ቆመ!"

"ቆሞስ?"

"ወደቀ!" አለችና ሳቋ አንቆ ሊገድላት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ወደቀ ብሎ የሚስቅ ሰው።

የምትኖረው ለዚህች ብቻ ነበር፤ ባሏን በእግሩ አቁማ ወረባቦ ልታስገባው። ኢስሃቅ አንድ ነገር ብቻ አስምሏታል፤ ካሚዮን ላይ እንዳታስጭነው። የካሚዮን ድምፅ ሲሰማ ላብ ያጠምቀዋል። "በእግርህ ነው የምትሄደው፤ ካልሆነም በበቅሎ። ጥዬህ የትም አልሄድም፣ አብሽር" አለችው። እኔ ፊት ነው ያለችው።

ችግሩ ከከፋለ ጋር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ብቻውን ስንቱን ይችላል? ሁልጊዜ እንደሮጠ፣ ሁልጊዜ እንደተቆጣ ነው። አማርኛም አይችልም። እኔ ከሸዋ በልጅነቴ መጥቼ፣ ትግርኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላ የተማርኩ ነኝ። እሷ ግን ገና መምጣቷ ነው፤ የምትውለውም ከባሏ ጋር፣ የምታድረውም ከእኔ ጋር፣ ሁለታችንም አማርኛ። ስለዚህ ከፋለ የተናገራትን እንዳይጠፋባት መንገዱን ሙሉ በአፏ እየደጋገመች ትመጣና ትጠይቀኛለች።

"እትዬ፣ 'ኣጆኺ' ምንድን ነው?"

"አይዞሽ ማለት ነው።"

"ሰድቦኝ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት እኮ! 'ጽባሕ'ስ?"

"ነገ።"

ነገን እንዲህ አስተማርኳት። ዛሬን አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ኢስሃቅ ታመመ። ትኩሳት ያዘው፤ የበላውን ሁሉ ያስመልሰዋል። እንደ ምንም የሞላው ጭኑ በጥቂት ቀን ሟሸሸ። ሁሪያ እንቅልፍ አጣች። "አገሬ ብሆን ሎሚ ጨምቄ አጠጣው ነበር፤ ሎሚ ያቆምለት ነበር" ትላለች በነጋ በጠባ። ሎሚ እዚህ ከቆላ ለሰኞ ገበያ ካልመጣ አይገኝም ብያታለሁ።

ያን ቀን እኔ ማለዳ ለቅሶ ሄጄ ነበር። የሆነውን ኋላ ከእሷም ከከፋለም አፍ ነው የሰማሁት። ሌሊቱን ትእዛዝ መጥቷል፤ ቤቱ ለወታደር ማደሪያ ይፈለጋልና እስከ ቀትር ባዶ ይሁን። ዘመድ ያለው በሽተኛውን ይውሰድ፤ ዘመድ የሌለው በካሚዮን ተጭኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሌላ ሕክምና ቤት ይሄዳል። ከፋለ ከአልጋ አልጋ ሲሯሯጥ ሁሪያ በሩ ላይ ደረሰች። ኢስሃቅ ሌሊቱን ሲያስመልስ አድሮ ሸለብ አድርጎታል። ከፋለን በእጇ ወደ ባሏ እያሳየች፣ "ምን ይሻለዋል? ምን ላድርግለት?" አለችው።

"ሎሚ!" አላት ከፋለ። "ሎሚ ውሰድዮ! ሎሚ!"

በትግርኛ "ዛሬ ውሰጂው" ማለቱ ነው። ሎሚ ማለት ዛሬ ነው። እሷ የሰማችው ግን "ሎሚ ይውሰድ" የሚል ነው።

ያልገባትን ቃል ሁሉ ይዛ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። ይሄንን ግን ታውቀዋለች፤ ምን ብላ ትጠይቀኝ? ደስታዋን አልቻለችውም። መንገድ ላይ ጎረቤታችን ዘሃራን አግኝታ፣ "ዛሬ ገና ከፋለ ባማርኛ አናገረኝ! መድኃኒቱን እንኳ እንደ እኔ ነው ያሰበው!" ብላታለች። ቀኑ ሰኞ አይደለም። ኩሓ በምትባል መንደር አንድ ጣሊያን ትቶት የሄደ አትክልት አለ ሲባል ሰምታለችና ዳገቱን ይዛ ወደ ኩሓ በእግሯ በረረች።

ከለቅሶ ስመለስ ዘሃራ ነገረችኝ፤ ካሚዮን መምጣቱንም ነገረችኝ። ሮጥኩ። ስደርስ አልጋዎቹ ደጅ ተከምረዋል፣ ከፋለ በሩን ይቆልፋል። ሲያየኝ ጮኸብኝ።

"ሰበይቱኸ ኣበይ ኣላ? ሎሚ ውሰድዮ ኢለያ እኮ!" ሚስቱ የት አለች፣ ዛሬ ውሰጂው ብያት ነበር እኮ ይለኛል።

ወይኔ! የዘሃራ ወሬና የእሱ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጋጠሙ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ነገርኩት። ከፋለ ቁልፉን እንደያዘ ግድግዳውን ተደገፈና የቀረውን በዝግታ ነገረኝ።

ሊጭኑት ሲመጡ ኢስሃቅ አልጋው ላይ አልነበረም። ገመዱን ይዞ ቆሟል። በዚያ ትኩሳት፣ ማንም ሳይደግፈው። "ሚስቴ በር ላይ ናት፣ ጠብቋት። እኔ በእግሬ ነው የምሄደው" እያለ ተራመደ። ከፋለ አማርኛ ባይችልም ይሄን ግን ተረድቶታል፤ ማንም ይረዳዋል። በሩ ድረስ ሄደ። ከበሩ ወጥቶ ግራና ቀኝ አየ፤ "ሁሪያ!" ብሎ ተጣራ። ሹፌሩ ሰው ነውና ትንሽ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ያኔ ወደቀና ተሸክመው ጫኑት።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሁሪያ መጣች። ከሩቅ የሻሿን ጫፍ ቋጥራ ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች።

"እትዬ! አገኘሁ! የአትክልቱን ዘበኛ ለመንኩት ሰጠኝ!"

እንዴት ብዬ እንደነገርኳት አላውቅም። ብቻ ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ዛሬ ማለት ነው?"

"አዎ፣ ልጄ።"

ሎሚውን ፈትታ ደጃፌ ላይ አስቀመጠች፤ መጀመሪያ የተቀመጠችባት ቦታ ላይ። ከዚያ ሻሿን አጥብቃ ካሚዮኑ በሄደበት በአዲግራት መንገድ ሄደች። አልሰማ አለችኝ።

ከቀናት በኋላ ስትመለስ፣ ከመጎሳቆሏ የተነሣ አላወቅኳትም። ኢስሃቅ አዲግራት አልደረሰም። መንገድ ላይ ሞቶ እዚያው ቀብረውታል፤ የት እንደሆነ የሚያሳያት አልተገኘም። ይታጠብ አይታጠብ፣ ይሰገድበት አይሰገድበት የሚነግራት አጣች። ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ባል ስታጥብ የኖረች ሴት፣ የራሷን ማን እንዳጠበው አታውቅም።

ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጠን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጠርቶኛል?"

"አልጠራሽም" አልኳት። "ትኩሳቱ አደንዝዞት ነበር። ሲጭኑት አላወቀም።"

"በአላህ?"

"በእግዚአብሔር።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

በሐሰት ምያለሁ። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይጻፍ፤ ማንም አይምከረኝ! ከፋለንም ትንፍሽ እንዳይል አስምዬዋለሁ። ግን መጣራቱን ስደብቅ መራመዱንም አብሬ መደበቅ ነበረብኝ። አንዱን ያለ ሌላው እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ወረባቦ አልተመለሰችም። እህቷ ሰው ብትልክባትም፣ "ጥዬህ አልሄድም ብዬዋለሁ" ብላ መለሰችው። እዚሁ በርበሬ እየቸረቸረች አረጀች። ትግርኛውን አቀላጥፋው፣ በኋላ እኔንም የምታርመኝ ሆነች። አንዲት ቃል ግን አፏ አይገባም። "ዛሬ ኣይመጽእን እየ" ትላለች፤ ዛሬ አልመጣም ማለቷ ነው፣ ዛሬዋን ግን ባማርኛ። የገበያ ሴቶች፣ "ሁሪያ፣ ሎሚ በሊ'ባ!" እስቲ ሎሚ በይ እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቅና "ዛሬ" ትላለች።

ባለፈው ክረምት ቀበርናት። ታጥባ፣ ተሰግዶባት፣ እንደ ወጉ። ኢስሃቅ በእግሩ በሩ ድረስ መሄዱን ሳታውቅ ሞተች።